ማሽኑና ስሙ፦ የቴክኖሎጂ ሙዚየም፣ የሥራ ቋንቋና የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር

የሳይንስና የቴክኖሎጂ ሙዚየሞች ለኅብረተሰቡ ስለሚሰጡት ጥቅም የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ዕቃው ነው፤ ስለ ሞተሩ፣ ስለ መንኰራኵሩ፣ ጎብኚው በእጁ ስለሚያዞረው ሞዴል። ዕቃው በምን ቋንቋ እንደሚጠራ፣ ስሙንም ማን እንዳወጣለት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለቋንቋ አጥኚ ይህ የጎን ጉዳይ አይደለም። ከታላላቆቹ የቴክኖሎጂ ሙዚየሞች ቀደምት የሆነው የፓሪሱ ተቋም ራሱ ከአንድ የቋንቋ ፖሊሲ ጋር በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሰው እጅ የተወለደ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የሕዝብ እንደራሴ የነበረው ካህን አንሪ ግሬግዋር ነው። ግሬግዋር በ1790 በየአውራጃው ስለሚነገሩት ልሳኖች 43 ጥያቄዎችን አዘጋጅቶ በመላው ፈረንሳይ አሠራጨ። በጥናት ስልት ታሪክ ውስጥ ከቀደምቶቹ የቋንቋ መጠይቆች አንዱ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል፤ የተዘጋጀው ግን ልሳኖቹን ለመጠበቅ አልነበረም። በሰኔ 1794 ለጉባኤው ያቀረበው ዘገባ የአካባቢ ልሳኖችን ማጥፋትና ፈረንሳይኛን የሁሉ ቋንቋ ማድረግ አስፈላጊ መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። በእርሱ ግምት ቢያንስ ስድስት ሚሊዮን ያህል ፈረንሳውያን ብሔራዊውን ቋንቋ አያውቁም፤ አጥርተው የሚናገሩት ደግሞ ከሦስት ሚሊዮን አይበልጡም። በዚያው ዓመት መከር ይኸው ሰው የጥበባትና የሙያዎች ማከማቻ የሚሆን ተቋም እንዲመሠረት ሐሳብ አቀረበ፤ ድንጋጌውም በጥቅምት 10 ቀን 1794 ጸደቀ። ማሽኖች፣ መሣሪያዎች፣ ሞዴሎች፣ ንድፎችና መጻሕፍት በአንድ ቤት ተሰብስበው የሥራቸው ጥበብ ለሕዝብ እንዲብራራ ታዘዘ።

ሁለቱ ሰነዶች የአንድ አስተሳሰብ ሁለት ገጾች ናቸው። መሣሪያው በአንድ ቤት ይሰበሰባል፤ ቃሉም አንድ ይሆናል። የብሬታኝ ሸማኔ መጥቶ የሽመናውን ማሽን እንዲያይ ተጋብዟል፤ ለማሽኑ ክፍሎች በአገሩ ልሳን ያወጣላቸውን ስሞች ግን በሩ ላይ ትቶ መግባት ይኖርበታል። ፍርዱ ሚዛን እንዳይስት መታወስ ያለበት ነገር አለ፦ ግሬግዋር የአይሁድን መብትና የባርነትን መወገድ አጥብቆ የተሟገተ ሰው ነበር፤ ልሳኖቹን ለማጥፋት ያነሣሣውም ንቀት ሳይሆን የእኩልነት ምኞት ነው። ይህ ግን የውጤቱን ክብደት አያቃልለውም። ከዚያ ወዲህ የተነሡት ሙዚየሞች፣ በ1903 ተመሥርቶ በ1925 ቋሚ ሕንጻው የተከፈተለት የሙኒኩ የጀርመን ሙዚየም ጭምር፣ ዓይንንና እጅን የሚያስተምሩበትን መንገድ እጅግ አሻሻሉ። ተገጣጣሚው ሞዴል፣ የሚጫነው ቁልፍ፣ ውስጡ እንዲታይ ለሁለት የተሰነጠቀው ሞተር የእነርሱ ግኝቶች ናቸው። ጆሮ ግን በአብዛኛው ሳይታወስ ቀረ።

የግሬግዋር ፈረንሳይኛ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ከሐዲድ ጋር ወደ ጅቡቲ ወረደ። አጤ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ውል መሠረት ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነው ይህ ሐዲድ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የኩባንያው ወረቀት፣ የአለቃው ትእዛዝ፣ የመለዋወጫው ዝርዝር በፈረንሳይኛ ነበር። በሐዲዱ ላይ የሠሩትና የተጓዙት ግን ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ዓረብኛ ይናገሩ ነበር። እንግዲህ የቃላቱ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

አንድ እንግዳ አማርኛ «ባቡር» የሚለውን ቃል ከፈረንሳዮቹ ኩባንያ ተቀብሎታል ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ድምፁ ግን ይህን ግምት አይደግፍም። የቃሉ ሥር እንፋሎትን የሚያመለክተው የአውሮፓ ቃል፣ በጣልያንኛ «ቫፖሬ»፣ በፈረንሳይኛ «ቫፐር» የሚባለው ነው። አማርኛ «ፕ» አለው፤ «ፖስታ» እና «ፖሊስ» ሲገቡ ፊደላቸውን ይዘው ገብተዋል። ከአውሮፓውያን አፍ በቀጥታ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ በመካከሉ ያለው «ፕ» ወደ «ብ» የሚለወጥበት ምክንያት አይኖርም ነበር። «ቭ»ም «ፕ»ም የሌለው ዓረብኛ ነው፤ ሁለቱንም «ብ» አድርጎ «ባቡር» ያለው እርሱ ነው። ቃሉ እንግዲህ የመጣው በወደቡ፣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የእንፋሎት መርከቦች መንገድ ነው።

የአማርኛው ሐረግ ራሱ ለዚህ ይመሰክራል። «የምድር ባቡር» የሚለው ስያሜ «የምድር» የሚል ቅጥያ ያስፈለገው በባሕር የሚሄድ ሌላ ባቡር ቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በምኒልክ ዘመን ለመንገድ ሥራ ያስመጣት የእንፋሎት ማሽን «የሰርኪስ ባቡር» ተባለች፤ እህል የሚፈጭበት ሞተርም በገጠር «ባቡር» ነው። መርከብ፣ መዳመጫ፣ ወፍጮ፣ ተሽከርካሪ፦ አማርኛ ተናጋሪው እነዚህን በአንድ ስም ሲጠራ የተሳሳተ ሊመስል ይችላል። ያደረገው ግን የሙዚየም አዘጋጆች በብዙ ድካም ለጎብኚ ሊያስረዱ የሚሞክሩትን ነው፦ በተለያዩ ማሽኖች ውስጥ የሚሠራው ኃይል አንድ መሆኑን አይቷል። በሶማልኛ ደግሞ ያው ቃል፣ አናባቢዎቹ ረዝመው፣ መኪናን ያመለክታል። ከአንድ ወደብ የተነሣ አንድ ቃል በአንዱ ቋንቋ ሐዲድ ላይ ወጣ፣ በሌላው አስፋልት ላይ።

«ሐዲድ» የሚለውም ከዓረብኛ ነው፤ ትርጉሙ ብረት ማለት ነው። ዓረብኛው የብረት መንገድ ከሚለው ስያሜ አማርኛ ሁለተኛውን ክፍል ብቻ አስቀርቶ ለመንገዱ ሰጠው። ፈረንሳይኛው የሚታየው ወደ ኩባንያው ግቢ ሲገባ ነው። «ፉርጎ» በፈረንሳይኛ የዕቃ መጫኛ ሠረገላን ብቻ የሚያመለክተው «ፉርጎን» ነው፤ በአማርኛ የመጨረሻው የአፍንጫ ድምፅ ወድቆ፣ ትርጉሙም ሰፍቶ የመንገደኛውንም ይጨምራል። «ለገሃር» ጣቢያ ማለት የሆነውን ፈረንሳይኛ ከነመስተአምሩ እንዳለ የዋጠ ስም ነው። አጻጻፉም ያስተዛዝባል፤ ለገጣፎና ለገዳዲ በሚባሉ ቦታዎች አጠገብ የሚኖር ሰው «ለገ» ብሎ የሚጀምር ስም ሲሰማ የኦሮምኛውን ወንዝ ቢያስብ አይደንቅም። ባጭሩ የዓረብኛው ንብርብር በወደብና በገበያ የሚታወቀውን ነገር ይሰይማል፤ የፈረንሳይኛው በደመወዝ መዝገብና በጣቢያ በር ውስጥ ያለውን። ይህን የታሪክ ቅደም ተከተል በመስታወት ውስጥ የቆመ ሎኮሞቲቭ ሊናገር አይችልም።

ከዚህ በታች የሚገኘው ሌላ ንብርብር፣ የጥገና ሠራተኛው ቋንቋ፣ ለአደጋ የተጋለጠው ነው። (ዩኒቨርሲቲዎቻችን «ወርክሾፕ»ን «አውደ ጥናት» ብለው ለስብሰባ ስለወሰዱት፣ መዶሻ የሚሰማበትን ቤት የምንጠራበት የአማርኛ ቃል ማጣታችን ራሱ ትንሽ ምስክር ነው።) በድሬዳዋው የጥገና ግቢ አሮጌዎቹ ማሽኖች ዛሬም ይታያሉ፤ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ አንጋፋ የባቡር ሠራተኞችም ለጎብኚ ሲያስረዱ ኖረዋል። መለዋወጫ ከውጭ በማይመጣበት ጊዜ እዚያው እየተቀረጸ የተሠራ ዕቃ በፈረንሳይኛው ዝርዝር ውስጥ ስም የለውም። ስሙን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው።

ይህ ዓይነቱ ቃል በሕግም በኩል ቤት አላገኘም። በ2003 የወጣው የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነት ቋንቋን የቅርስ ማስተላለፊያ አድርጎ ይጠቅሳል፣ ባህላዊ የእጅ ጥበብንም ያካትታል፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ንግግር ግን «ባህላዊ» ለመባል ገና አዲስ፣ «ዘመናዊ» ለመባል ደግሞ አሮጌ ነው። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት በነሐሴ 2022 ፕራግ ላይ ባጸደቀው አዲስ ትርጓሜ የሚዳሰሰውንም የማይዳሰሰውንም ቅርስ የሙዚየም ሥራ አድርጓል። በጥቅምቱ አዲስ አበባ የሳይንስ ሙዚየሟን ስትከፍት ትኩረቱ በሰው ሠራሽ አስተውሎትና በመጪው ቴክኖሎጂ ላይ ነበር። ወጣቱን ወደፊት ማሳየት የሚነቀፍ ዓላማ አይደለም። ሆኖም ቴክኖሎጂ ሁልጊዜ ነገ የሚመጣ ነገር ሆኖ ከታየ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ማሽን ሲጠግን የኖረው ሕዝብ የራሱን የቴክኖሎጂ ታሪክ እንደሌለው ይቆጥራል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 በኢትዮጵያ፣ በጥር 2017 በጅቡቲ ተመረቀ። ጣቢያው ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ነጋድ ላይ ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አሮጌው ፉርጎ አይሄድበትም። የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ስለዚህ በሥራው ቋንቋ ላይ አዲስ ንብርብር ተጭኗል። እንፋሎት የማያውቀው ይህ ማሽንም «ባቡር» መባሉን አልተወም።

አሮጌው መስመር ወደ ሙዚየምነት ቢለወጥ በጅቡቲ በኩል የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ የመግለጫ ሰሌዳው ቋንቋ ይሆናል። የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ በጋቦዴም ሆነ በሌሎቹ የከተማው ሰፈሮች የሕፃናት የመጀመሪያ ቋንቋ ግን በአብዛኛው ሶማልኛ ወይም አፋርኛ ነው። በሁለቱ የሥራ ቋንቋዎች ብቻ የተጻፈ ሰሌዳ የግሬግዋርን በር መልሶ ይሠራዋል። አምስትና ስድስት ቋንቋ በአንድ ሰሌዳ ላይ መደርደር ዕቃውን ይሸፍናል የሚለው የአዘጋጆች ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ የሚፈለገው ግን ትርጉም አይደለም። የሚፈለገው አንድ የፍሬን እጀታ በእያንዳንዱ ቋንቋ ተናጋሪ ሠራተኛ ዘንድ ምን ይባል እንደነበረ፣ ከነድምፁ፣ ከዕቃው ጋር መመዝገቡ ነው። ለዚህ ሕንጻም ሎኮሞቲቭም መጠበቅ አያስፈልግም። ከድሬዳዋና ከጅቡቲ ጡረተኞች ጋር ተቀምጦ፣ ዕቃውን በእጃቸው አስይዞ መጠየቅ ይቻላል፤ በመጀመሪያም መጠየቅ ያለበት በመለዋወጫው ዝርዝር ውስጥ ስለሌለው፣ እነርሱ ራሳቸው ስለሠሩት ዕቃ ነው።