ከጋቢና የተነሳው ጥያቄ

በተለምዶ «ጥቁር ሣጥን» የሚባለው የመኪና ግጭት መረጃ መመዝገቢያ ከኤርባግ መቆጣጠሪያ ጋር አብሮ ያደገ መሣሪያ ነው። መቆጣጠሪያው ኤርባጉን ለመንፋት የሚወስነው የመኪናውን የፍጥነት ለውጥ በሽራፊ ሰከንድ አስልቶ ነው። ጀነራል ሞተርስ ይህን ስሌት የሚያስቀምጥ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በመኪኖቹ ላይ ገጠመ። ያለ እርሱ መርማሪዎች የሚተማመኑት በተጨማደደ ብረት፣ አስፋልት ላይ በቀረ የጎማ ምልክትና በምስክር ቃል ነበር።

የመረጃው ዋጋ የታወቀው በልጆች ሞት መሆኑ ያሳዝናል። የያኔዎቹ የአሜሪካ ኤርባጎች ቀበቶ ያላሰረን አዋቂ ጭምር እንዲያድኑ ታስበው የተሠሩ ስለነበሩ አነፋፋቸው ኃይለኛ ነበር፤ ፍጥነታቸው በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጋቢና የተቀመጠ ቀበቶ ያላሰረ ልጅ፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ይንሸራተትና ኤርባጉ በሚፈነዳበት ቅጽበት አንገቱ ዳሽቦርዱ አጠገብ ይሆናል። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በሚይዝ የጨቅላ ወንበር የታሰረ ሕፃን ደግሞ ጭንቅላቱ ከኤርባጉ ክዳን ብዙም አይርቅም። በዚህ መንገድ ከ100 በላይ ልጆች ሞተዋል፤ ያውም ብዙዎቹ አዋቂ ሰው በሕይወት በሚወጣባቸው አነስተኛ ግጭቶች።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በማርች 1997 ስለ ኤርባግና ስለ ልጆች ደህንነት ሕዝባዊ ጉባኤ ጠራ። ልጅን የሚገድለው ግጭት ምን ያህል ከባድ ወይም ቀላል እንደሆነ በቂ መረጃ አልነበረም። ቦርዱም የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ከመኪና አምራቾች ጋር ሆኖ መረጃውን ከመመዝገቢያዎቹ እንዲሰበስብ አሳሰበ። በዚያው ዓመት የኤርባጎች ኃይል እንዲቀነስ ተፈቀደ። በ2000 የወጣው ደንብ ደግሞ ለትንንሽ ልጆች አደገኛ ያልሆኑ፣ ለምሳሌ የተቀመጠውን ሰው ክብደት ለይተው ከመነፋት የሚታቀቡ ኤርባጎችን አስገደደ።

መመዝገቢያው የራሱን ደንብ ያገኘው በ2006 ነው። መሣሪያው የተገጠመለት መኪና ከግጭቱ በፊት የነበሩትን 5 ሰከንዶች ፍጥነትና የፍሬን አያያዝ ጨምሮ 15 ዓይነት መረጃ እንዲይዝ ተወሰነ። ልጆች ወደ ኋላ ወንበር እንዲዛወሩ በሰፊው ሲመከር፣ ከነዚህ 15 መረጃዎች ስለ ኋላ ወንበር የሚናገር አንድም አልነበረም። ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ የልጁ መቀመጫ በትክክል ታስሮ እንደነበር ደንቡ የሚጠይቀው መዝገብ አይናገርም።