አያቴ ነጋዴ ሆነው አልተወለዱም

«ጉራጌ ነጋዴ ሆኖ ይወለዳል» ሲባል ያልሰማ አንባቢ አለ ብዬ አላምንም። አነጋገሩ ሲያዩት ምስጋና ነው፤ የሚናገሩትም አብዛኛውን ጊዜ በቅን ልብ ነው። እኔ ግን ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ንግድ በደም የሚተላለፍ ከሆነ፣ አያቶቻችን እርሻቸውንና ሚስታቸውን ትተው፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ የሰው ዕቃ ሊሸከሙ አዲስ አበባ ድረስ ለምን ሄዱ? ሊነግድ የተወለደ ሰው ኩሊ ሆኖ ይጀምራል እንዴ?

መጻሕፍቱ ስለ ንጉሥና ስለ ጦር አለቃ እንጂ ስለ ተሸካሚ ብዙም ስለማይነግሩን፣ ጥያቄውን በአንድ ሰው ሕይወት ልፈትነው። ሰውየው የአባቴ አባት ናቸው።

አያቴ ከወልቂጤ በስተደቡብ በቸሃ ምድር፣ በ1928 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። ጣሊያን የገባበት ዓመት ስለሆነ ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት በሱ ነበር። ከመንደራቸው የወጡት በ1942 ነው፤ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። የወጡበትን ምክንያት ሲጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበረች። «ግብር።»

ይህች ቃል ረጅም ታሪክ አላት። የሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎ እየተሰበሰበ ራሱን በራሱ ያስተዳድር ነበር። ክስታኔ ለምኒልክ ቀደም ብሎ ሲገብር፣ ምዕራቡ ከቀቤናው ከሐሰን ኢንጃሞ ጋር ሆኖ ተዋግቶ፣ በራስ ጎበና ጦር የተሸነፈው በ1881 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ገባርነት መጣ። ማር፣ ጉልበት፣ ጠገራ ብር! ከድል በኋላ የ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ አሮጌውን የገባር ግዴታ በገንዘብ ተካው። መልካም ነገር ነበር፣ ግን ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የጉራጌ ማሳ እንሰት ነው። እንሰት ሆድ ይሞላል፤ ከቃጫው በቀር ግን ገበያ የሚወጣ ነገር ያኔ ብዙም አልነበረውም። ቅድመ አያቴ አንድ ዓመት ጊደር ሸጡ። በሚቀጥለው ዓመት የሚሸጥ ጊደር አልነበረም። የቀረው የልጅ ጉልበት ነበር።

እንግዲህ «ንግድ በደሙ» የሚባለው ጉዞ የተጀመረው እንደዚህ ነው።

ከወልቂጤ እስከ አዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጅማ መንገድ ያኔም በወልቂጤ ያልፍ ነበር፤ ከተማዋም ያደገችው በዚሁ መንገድ ነው። መንገዱ ነበር፣ የመሳፈሪያው ብር ግን አልነበረም። ስለዚህ አያቴ የመኪናውን መንገድ ዳር ዳሩን ይዘው፣ በወሊሶና በቱሉ ቦሎ አድርገው በእግራቸው ገቡ። ስንቃቸው ቆጮ ነበር። ስለዚህ ጉዞ ብዙ አላወሩልንም፤ «እግሬ አብጦ ነበር» ካሉ በኋላ ወሬ ይቀይራሉ።

የደረሱበት መርካቶ ራሱ ገና ልጅ ገበያ ነበር። ጣሊያኖች በ1930 ገደማ ያገሩን ሰው ገበያ ከአራዳ አንስተው ወደ ምዕራብ ሲወስዱት የተቆረቆረ ነው፤ ስሙም የነሱው ቋንቋ ነው። አያቴ መጀመሪያ የያዙት ሥራ ስምም እንዲሁ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ሊስትሮ። ከዚያ ኩሊ ሆኑ። ከዚያ ሰልባጅ በትከሻቸው አዝለው በየሰፈሩ ዞሩ። ትንሽ መደብ ያገኙት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ደህና ደህናውን ሱቅ የያዙት በዚያን ዘመን ብዙዎቹ የየመን ዐረቦች ነበሩ፤ አያቴም ሚዛን መያዝና ዱቤ መጻፍ የተማሩት ከአንድ ዐረብ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመው ነው። በከተማ ስማቸውም ተለወጠ። እናታቸው ያወጡላቸው የቸሃ ስም ለአዲስ አበባ ሰው አፍ አልመች ስላለ፣ ቀጣሪያቸው አንድ ያማርኛ ስም ሰጣቸው፤ መታወቂያቸው ላይ እስከ መጨረሻው የነበረው ይኸው ስም ነው። ስንቱ የጉራጌ ልጅ በሁለት ስም ኖሮ እንደሞተ ማን ቆጠረ?

ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ታሪክ ዛሬ በደንብ ተጽፏል፤ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ለሙዚቃችን የሠሩትን እናውቃለን። መጻፉም ትክክል ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስደተኛ ታሪክ አለው። ዋቤን ተሻግሮ የመጣው ግን «ካገር ቤት የመጣ» ተብሎ ታለፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እሱም አያቴ ሳይሆኑ አያቴን ያገቡት ሴት ናቸው።

እንሰት እንደ ስንዴ ወቅት ጠብቆ የሚታጨድ ሰብል አይደለም። ተተክሎ፣ ተነቅሎ፣ እንደገና ተተክሎ፣ አምስት ስድስት ዓመት ይቆያል፤ ከደረሰ በኋላ ሲፈለግ ይቆረጣል፤ የተፋቀውም ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። መትከሉና ማዛወሩ በወንድ ጉልበት ነው፤ እሱም በዓመት ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል። መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ማብላላቱ፣ ቡላውን ማውጣቱ፣ ቃጫውን ማድረቁ የሴት ሥራ ነው፤ ይኸኛው ዓመት ሙሉ ያላልቃል። ስለዚህ ባል ከተማ ቢከርምም ቤቱ አይራብም። ጤፍ አምራች ገበሬ ሚስቱን ጥሎ አሥር ወር ቢጠፋ ማሳው ጦም ያድራል። የጉራጌ ገበሬ መሄድ የቻለው እንሰት ስላለውና እንሰቱን የምትፍቅ ሴት ስላለችው ነው። የመርካቶ ሱቅ የቆመው በቀርቀሃ መፋቂያ ላይ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ይህን ግን ስለ ጉራጌ ጥንካሬ ከሚያወሩት ውስጥ ስንቱ ይጠቅሰዋል?

ሴት አያቴን ባለፈው ዓመት ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ከአባባ ጋር ስንት ዓመት ኖራችሁ?»

ዓመት አልቆጠሩም። «ኧረ ልጄ፣ ሠላሳ ስምንት መስቀል» አሉኝ።

ለሌላው ሰው መስቀል በዓል ነው። በዚያ መንደር ግን የትዳር መለኪያ ነው። ባል ለመስቀል ይመጣል፤ ሰንጋ ይታረዳል፣ ክትፎው ይበላል፣ ሽማግሌ ይታረቃል፣ ከአጎራባች ጋር ያለው የድንበር ነገር ያልቃል፣ እንሰት ይዛወራል፣ ልጅ ይፀነሳል። በጥቅምት ባል ተመልሶ ይሄዳል። አባቴና ወንድሞቹ ሁሉም የሰኔና የሐምሌ ልጆች ናቸው፤ በቤታችን ይህ ነገር ሲነሳ ሳቅ አይጠፋም፤ እማማ ግን ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

በከተማውም ቢሆን ብቻውን የቆመ ሰው አልነበረም። ዕቁብ ነበር፤ ስለ ዕድር የጻፉ ተመራማሪዎችም መነሻውን አዲስ አበባ ከገቡት የጉራጌ ስደተኞች ጋር ያያይዙታል። ከአገሩ ርቆ የሚሞት ሰው ቀባሪ ያስፈልገዋላ! አያቴ የገቡበት ዕቁብ ዳኛ የቡታጅራ አካባቢ ሰው ነበሩ። አስቂኙ ነገር፣ ሁለቱም «ጉራጌ» ተብለው እየተጠሩ ቋንቋቸው አይግባባም፤ የሚነጋገሩት ባማርኛ ነበር። መንደራቸው እያሉ አንዱ ቸሃ፣ ሌላው ሌላ ነበር። አንድ ስም ይዘው አንድ ሕዝብ መሆንን የተማሩት፣ ቢያንስ በከፊል፣ መርካቶ ላይ ይመስለኛል።

ይህ ደግሞ ወደ መንገዱ ይወስደናል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በከተማ ያሉት የጉራጌ ተወላጆች መንግሥትን መለመን ትተው፣ ለመንገድ ከኪሳቸው ማዋጣት ጀመሩ። በምሥራቁ በኩል ከዓለም ገና ተነስቶ በቡታጅራ አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት አንድ ማኅበር ተቋቋመ፤ በምዕራቡ ደግሞ የጉራጌ መንገዶች ሥራ ድርጅት። መዋጮው በየቤቱና በየጎሳው ተደልድሎ ይሰበሰብ ነበር። ሊስትሮውም ከፍሏል፣ ባለሱቁም ከፍሏል። ቀደም ሲል በግብር ተገዶ ከአገሩ የወጣ ሰው፣ አሁን ወዶ ራሱን ገበረ፤ ያውም ለመመለሻው። ትምህርት ቤትና ሐኪም መንደር ድረስ የገቡት በነዚህ መንገዶች ነው። በየመንደሩ መሐል ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ጀፎረ፣ ጠብቆ የሚኖር ሕዝብ ለመንገድ ቢከፍል ምን ይገርማል!

የ1967 ዓ.ም. ነገር ለአያቴ ሁለት ፊት ነበረው። የካቲት ላይ የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አባታቸው የገበሩበትን ማሳ ከባላባት ነፃ አደረገው፤ ያን ቀን ሱቅ ዘግተው ጠላ እንደጠጡ አባቴ ይነግረኛል። ሐምሌ ላይ የመጣው የትርፍ ቤቶች አዋጅ ደግሞ በሃያ አምስት ዓመት ልፋት ሠርተው ያከራዩዋትን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ወሰደባት። በየትኛው ይበልጥ እንደሚፈርዱ ጠይቄያቸው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን በ2005 ሲያርፉ እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ነበርኩ።

አስከሬናቸው ከመርካቶ የተነሳው ጠዋት ሲሆን፣ ከሰዓት በፊት መንደር ደርሷል።

የልብስ ሣጥናቸው ውስጥ ሦስት ወረቀት ተገኘ። መታወቂያቸው፣ የዕቁብ ደብተር፣ የመንገድ መዋጮ ደረሰኝ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው የከተማ ስማቸው አይደለም፤ እናታቸው ያወጡላቸው ነው።

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ እምድብርም ሆነ ቡኢ፣ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ወይም የዕቁብ ደብተር በቤቱ ያለው አንባቢ ካለ ለዚህች መጽሔት አዘጋጆች ያሳውቅ። መልሰን እንሰጣለን፤ የምንፈልገው መገልበጥ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አያቶቹ በሕይወት ያሉ ሰው፣ በተለይ ሴት አያቱ፣ በመጪው መስቀል ደብተርና እርሳስ ይዞ ይግባ።