የግሸን አምባ በባሕር ማዶ ስሙ

ልብ ወለድ ጸሐፊዎች በምናባቸው ተራራ ፈጥረው ስም ሲያወጡለት፥ ብዙ ጊዜ ስሙን ከሩቅ አገር ወሬ ይወስዳሉ። ከእነዚህም ስሞች አንዱ ከዚሁ ከወሎ ምድር የሄደ ነው።

በአምባሰል የሚገኘው ግሸን ዙሪያው ገደል፥ አናቱ ሜዳ ነው። እንዲህ ያለውን ተራራ አባቶቻችን «አምባ» ይሉታል፤ ለመሸሸጊያም ለመጠበቂያም ይመቻልና። በጥንት ዘመን ነገሥታቱ የዙፋን ጠብ እንዳይነሣ በመስጋት የንጉሥ ዘር የሆኑትን ወንዶች በዚህ አምባ ያስጠብቁ ነበር። ይህም ልማድ የኢማም አሕመድ ጦር በ1540 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አምባውን እስከ ያዘበት ጊዜ ቆየ።

ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የነበረው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ እነዚህ መሳፍንት ጻፈ። ወሬው ግን ከአንዱ ብዕር ወደ ሌላው ሲተላለፍ እየተለወጠ ሄደ። «አማራ» የሚለው የአገሩ ስም የተራራው ስም ሆነ፤ የግዞቱም ቦታ ከገነት ጋር መወዳደር ጀመረ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው «የጠፋው ገነት» የአማራን ተራራ እውነተኛው ገነት ነው የሚሉ መኖራቸውን ጠቀሰ። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በ1759 ባወጣው «ራስላስ» ልዑሉን በአማራ ምድር፥ ተራሮች በከበቡት ሸለቆ አኖረው፤ አምባው ሸለቆ ሆነ ማለት ነው። ይህን መጽሐፍ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ኮልሪጅም በእጅ ጽሑፉ «አማራ» ያለውን ተራራ በ1816 ሲያሳትመው «አቦራ» አለው። ከዚህ በኋላ ስሙን ሰምቶ ወሎን ሊያስብ የሚችል ማን ነው?

በባለቅኔዎቹ አንፈርድም፤ እነርሱ የጻፉት የደረሳቸውን ነው። ነገር ግን ስሙ ሲለወጥ ታሪኩም አብሮ እንደ ተለወጠ እናስተውል። በተረቱ ውስጥ የተድላ አገር ቀረ፤ ከአምባው መውረድ የተከለከሉት የነገሥታት ልጆች ኀዘን ግን ተረሳ። የአገሩ ሰው «ግሸን»፥ ቤተ ክርስቲያንም «ደብረ ከርቤ» እያሉ ስላቆዩት፥ መስከረም 21 ቀን ግማደ መስቀሉን ለማክበር የሚወጣው ሕዝብ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

እኛም በደሴ፥ በኮምቦልቻና በደጋን የምንኖር ተማሪዎች የጦሳን ስም ሁላችን እናውቃለን፤ በየቀበሌያችን ያሉትን የትንንሾቹን ጋራዎች ስም ግን የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን ናቸው። እነርሱ በሕይወት ሳሉ ስሙን ከነምክንያቱ ጠይቀን በደብተራችን እንጻፍ። እኛ ሳንጽፈው ብንቀር፥ ሌላው እንደ ሰማው ይጽፈዋል።