ሰባቱ ዓመታት፦ አባ ጊዮርጊስ በሐይቅ እስጢፋኖስ

ለጸሎት ቆሞ «እግዚአብሔር ራቀኝ» የሚል ሰው ጭንቀት በገድሎቻችን ውስጥ በግልጽ ተጽፎ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ገድል በመታሰቢያ ቀን በምእመናን ፊት ሊነበብ የሚጻፍ በመሆኑ፣ ጸሐፊው ወደ ተሰማው ጸሎት ይቸኩላል፤ ባልተሰማው ላይ አይዘገይም። ስለዚህ ሳይቸኩል የቀረባቸውን ጥቂት ስፍራዎች በጥንቃቄ ማንበብ ይገባናል። ከእነዚህ አንዱ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የልጅነት ታሪክ ነው፤ ቦታውም የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም።

ገዳሙን የትምህርት ማዕከል ያደረጉት አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ወደ ሐይቅ የመጡት በ1248 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጡት በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈው ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። አባ ጊዮርጊስ በተማሩበት በዐፄ ዳዊት ዘመን የሐይቁ አበምኔት፣ ዐቃቤ ሰዓት በሚለው ማዕረጉ፣ በቤተ መንግሥት ድምፁ የሚከበር ሰው ነበር። እንግዲህ ልጅን ወደ ሐይቅ መላክ በአገሪቱ ወደሚታወቀው ታላቅ የትምህርት ቤት መላክ ነው።

ትውፊቱ እንዲህ ይላል። በንጉሡ ዘንድ ያገለግሉ የነበሩት ካህኑ ሕዝበ ጽዮን ልጃቸውን ለገዳሙ ሰጡ፤ ብላቴናው ግን ሰባት ዓመት ተቀምጦ ትምህርቱ አልገባው አለ። ገዳሙ ወደ አባቱ ሰደደው። አባትየው ልጁን ለእግዚአብሔር እንደ ሰጡት፣ ካልተማረም ገዳሙን ማገልገል እንደሚችል ተናግረው መልሰው ላኩት። ብላቴናው ለመነኮሳቱ እህል እየፈጨ፣ ባልንጀሮቹ እየሣቁበት፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ኖረ። በመጨረሻ እመቤታችን ተገልጣ ጽዋዐ ልቡናን አጠጣችው።

የዚህን ምስክርነት ክብደት እንመዝን። የገድሉ ጸሐፊ የሚተርከው መጽሐፈ ምሥጢርን በ1424 እ.ኤ.አ. ስለ ፈጸሙት ሊቅ መሆኑን ያውቃል፤ ብላቴናው በደነዘዘ መጠን ስጦታው ይገንናል። ሰባት ቁጥሩም ከዘመን ቆጠራ ይልቅ የምሉዕነት ምልክት ሊሆን ይችላል። ወፍጮውም ቢሆን በመነኮሳት ታሪክ የትሕትና የተለመደ መገለጫ ነው። በአንጻሩ የሐይቅ መምህራን እንዳልተሳካላቸውና የካህን ልጅ ተሰድዶ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ የሚናገረው ክፍል ገዳሙንም ቤተሰቡንም አያስመሰግንም። የሚያሳፍር ዝርዝር ያለ ምክንያት አይፈጠርምና፣ የቁጥሩን ነገር ትተን የመዘግየቱን እውነትነት ለመቀበል እናደላለን።

አንድ ከባድ መቃወሚያ ግን ይቀራል፤ ልናልፈው አይገባም። ብላቴናው የለመነው ዕውቀትን እንጂ የእግዚአብሔርን መቅረብ አይደለም ሊባል ይችላል። ሆኖም በሐይቅ ማኅበር ጸሎት ማለት ከሁሉ በፊት መዝሙረ ዳዊት ነው፤ መዝሙሩ በቃል ያልተያዘለት ሰው በሌሊቱ ጸሎት መካከል ቆሞ ከጸሎቱ ውጭ ነው። ወንድሞቹ ሲያዜሙ እሱ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ለብላቴናው የትምህርት ድክመት ብቻ ሆኖ ተሰምቶታል ብለን ማመን ይከብደናል።

ይህ ብላቴና ካደገ በኋላ የደረሰው ሥራ ለፍርዳችን ድጋፍ ይሆናል። ቀድሞ ከግብጽ የመጣ ሰዓታት ነበረ፤ አባ ጊዮርጊስ ግን ለሌሊቱና ለመዓልቱ የራሳቸውን ሰዓታት ደረሱ። እዚህ ላይ ግን የማንነት ጥያቄ አለ፤ የጋሥጫውንና የሳግላውን ጊዮርጊስ ሁለት ሰዎች አድርገው የተመለከቱ ነበሩ፤ ጄራር ኮለን በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ገድልም «ጊዮርጊስ ዘሳግላ» ይላቸዋል። የአንድነታቸውን ሐሳብ ከተቀበልን፣ ለመጸለይ ቃል ያጣው ልጅ ለሌላው ሰው በየሰዓቱ የሚለውን ቃል አዘጋጅቶለታል። በሰዓታት ሥርዓት ጸሎቱን የሚያስጀምረው ሰዓቱ ነው፤ ልቡ የቀዘቀዘበትም ሰው በዚያው ሰዓት ይቆማል።

ከሊቃውንቱ የትርጓሜ ዘርፎች አንዱ በሆነው በመጻሕፍተ መነኮሳት ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ። የ7ኛው መቶ ዓመት ሶርያዊ ማር ይስሐቅ፣ የነነዌን ጵጵስና ትቶ ወደ ብሕትውና የሄደው፣ በነፍስ ላይ ስለሚወርድ ጨለማ በግልጽ ያስተምራል፤ መጸለይ ያቃተው መነኩሴ መጎናጸፊያውን ተከናንቦ ይተኛ፣ ከበኣቱ ግን አይውጣ ይላል። ማር ይስሐቅ የቤተ ክርስቲያናችን እምነት ካወገዘው ከምሥራቅ ሶርያ ማኅበር የወጣ ሆኖ ሳለ በገዳሞቻችን እንደ አባት መነበቡ የሚያስገርም ነው፤ ምናልባትም ያሻገረው ይኸው ስለ ጸሎት ድርቀት ያለው እውነተኛነት ይሆናል። መጽሐፉ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከአባ ጊዮርጊስ በኋላ እንደሆነ ስለሚገመት ብላቴናው ከዚህ ተማረ አንልም። ገድሉ ዝምታውን በጽዋ ይፈጽመዋል፤ ማር ይስሐቅ የሚሰጠው ጽዋ የለውም፣ መቆየትን ብቻ ያዝዛል። ሰባቱን ዓመታት በተመለከተ፣ ከተአምሩ ሌሊት በፊት በወፍጮው ዘንድ የሆነውን ይበልጥ የሚያስረዳን ይህ ሁለተኛው ምስክር ነው ብለን እንፈርዳለን።