ንቅሳትና እንጀራ

ሰው ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ማስረጃ ብዙ ነው። የትምህርት ምስክር ወረቀት አለ፤ የቀድሞ አሠሪ የጻፈለት የድጋፍ ደብዳቤ አለ፤ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍም አለ። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚነበበው ግን ፊት ነው። ፊቱ ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ደግሞ ቀጣሪው ማመልከቻውን ከመግለጡ በፊት ያንን ያነባል። በአገራችን ሰሜናዊና ማዕከላዊ ክፍል ተወልደው፣ በልጅነታቸው ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አገጫቸው ላይ ነጠብጣብ፣ አንገታቸው ላይ በክብ በክብ የተደረደረ ሐረግ የተነቀሱ ሴቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ልመረምር የምፈልገው አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ምልክት በአንድ ቦታ ጌጥና ክብር ሆኖ ሳለ፣ በሌላ ቦታ የእንጀራ እንቅፋት የሚሆነው እንዴት ነው?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለምና ከሩቅ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር፣ ከአልፕስ ተራሮች የበረዶ ግግር ውስጥ አንድ ሬሳ ወጣ። ዕድሜው 5,300 ዓመት ገደማ ነው። ገላው ላይ 61 ንቅሳቶች ተቆጥረዋል። ብዙዎቹ የተሰመሩት ወገቡ፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ነው። መገጣጠሚያዎቹ የታመሙ መሆናቸው በምርመራ ስለታወቀም፣ ንቅሳቱ ለመድኃኒት የተደረገ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። እንቅርት ይከላከላል ተብላ አንገቷን የተነቀሰች የአገራችን ሴት ይህን ብትሰማ ብዙም አትደነቅም።

ንቅሳት በራሱ ሰውን ከሹመት እንደማያስቀር ደግሞ የእንግሊዝ ነገሥታት ታሪክ ይመሰክራል። በኋላ ኤድዋርድ 7ኛ ተብሎ የነገሠው አልጋ ወራሽ እ.ኤ.አ. በ1862 ኢየሩሳሌምን በጎበኘ ጊዜ ክንዱ ላይ መስቀል ተነቅሷል። ልጁ ጆርጅ 5ኛም በ1881 በባሕር ኃይል ውስጥ ሳለ ጃፓን ደርሶ ክንዱ ላይ ዘንዶ አስነቅሷል። ሁለቱም ነግሠዋል። ክንዳቸውን የሸፈነው እጅጌ ሲሆን፣ እጅጌውን የሸፈነው ደግሞ ዘውዱ ነው ማለት ይቻላል።

የሚገርመው ነገር፣ ልዑሉ ዘንዶውን ባስነቀሰበት ዓመት ጃፓን ለገዛ ሕዝቧ ንቅሳትን ከልክላ ነበር። የጃፓን ነገር ሰፋ አድርገን ብናየው ይጠቅመናል። በ18ኛው መቶ ዓመት፣ ከ1720 አንሥቶ፣ የአገሪቱ መንግሥት ሌባንና አታላይን አፍንጫና ጆሮ መቁረጡን ትቶ በንቅሳት መቅጣት ጀመረ። ምልክቱ በክንድ ዙሪያ እንደ አምባር ይደረጋል፤ በአንዳንድ ግዛት ደግሞ ግንባር ላይ ይደረግ ነበር። የዚህ ቅጣት ክፋቱ ወንጀለኛው ፍርዱን ጨርሶ ከወጣ በኋላም የማይለቀው መሆኑ ነው። ቅጣቱ በ1870 ቀረ። ሆኖም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1872፣ አዲሱ መንግሥት ምዕራባውያን ኋላ ቀር እንዳይሉት ሰግቶ ንቅሳትን በጠቅላላ ከለከለ። ክልከላው የተነሣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 ነው። ሕጉ ቢነሣም ጥርጣሬው አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኦሳካ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ቶሩ ሀሺሞቶ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ንቅሳት ካላቸው በጽሑፍ እንዲያስታውቁ አዘዙ። ከ100 የሚበልጡ ሠራተኞች እንዳላቸው አመኑ። አንመልስም ያሉት ተቀጡ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ሌባ መነቀስ ከቀረ ከ140 ዓመት በኋላ የሌባው ጥላ የመንግሥት ሠራተኛ ክንድ ላይ አርፎ ተገኘ ማለት ነው።

ኒውዚላንድ ሌላ መልክ ታሳየናለች። በማኦሪ ሕዝብ ዘንድ የፊት ንቅሳት የዘር ሐረግንና ማዕረግን የሚናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 የዋይታንጊ ውል ሲፈረም፣ ከማኦሪ አለቆች አንዳንዶቹ በፊርማ ፈንታ የፊታቸውን ንቅሳት አንድ ክፍል ወረቀቱ ላይ ሥለዋል። ፊታቸው ማኅተማቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በመጣው የቅኝ አገዛዝ ዘመን ግን ይኸው ማኅተም ከቢሮ በር የሚመልስ ሆነ። የአገሪቱ አየር መንገድ አውሮፕላኖች ጭራቸው ላይ ከማኦሪ ጥበብ የተወሰደ ጥምዝ ቅርጽ ይዘው ሲበሩ፣ ንቅሳቱ የሚታይ ማኦሪ ግን በመስተንግዶ ሥራ አይቀጠርም ነበር። ይህ ደንብ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በ2016 አገጫቸውን የተነቀሱት የምክር ቤት አባል ናናያ ማሁታ በ2020 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ያ ምልክት በጎሳ አለቆች ማኅተምነት ተጀምሮ፣ በሥራ ፈላጊው ነውርነት አልፎ፣ 180 ዓመት ቆይቶ አገሪቱን በዓለም ፊት በሚወክሉ ሰው ገጽ ላይ ታየ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኛ ንቅሳት አሠራሩ ቀላል ነው። ከምጣድ ሥር ወይም ከኩራዝ የተሰበሰበ ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ይለወሳል። ነቃሿ ቅርጹን ትሥላለች፤ ከዚያ በእሾህ ወይም አንድ ላይ በታሰሩ መርፌዎች ቆዳውን እየወጋች ጥላሸቱን ታስገባለች። ያብጣል፣ ይጠግጋል፣ ከርሞ አረንጓዴ ወደ መሆን ያደላል። ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ድዳቸውን የተነቀሱም ብዙ ናቸው። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ለቁንጅና ነው፤ ለእንቅርትና ለድድ ሕመም መድኃኒት ይሆናል በሚል ነው፤ ከቡዳ ይከላከላል ተብሎም ነው። መስቀሉ ደግሞ የክርስትና ምልክት ነው፤ የግብፅ ክርስቲያኖች ቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ እንደሚነቀሱት ማለት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19ን ጠቅሰው ንቅሳትን የሚነቅፉ ካህናት ቢኖሩም፣ የመንደሩ ልማድ አልተበገረም። የንቅሳታም አንገት ምን ያህል ይወደድ እንደነበር ለማወቅ የአገራችንን የፍቅር ዘፈኖች ማዳመጥ ይበቃል።

ታዲያ ይህ ጌጥ ከተማ ሲገባ ምን አገኘው? በአዲስ አበባ የሴቶች የቢሮ ሥራ ከዘመናዊ ትምህርት ጋር የመጣ ነው። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 ተከፈተ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነርስነቱ፣ አስተማሪነቱ፣ ጸሐፊነቱ ለተማሩ ሴቶች እየተከፈተ ሄደ። ከነዚሁ ሥራዎች ጋር አንድ አዲስ የመልክ ደንብም ገባ። የትም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ደንብ ነው። የተተኮሰ ጠጉር፣ ጉርድ ቀሚስ፣ ባለተረከዝ ጫማ፣ ንጹሕ ፊት። ንጹሕ ማለት ያልተነቀሰ ማለት ሆነ።

ጃፓን ንቅሳትን የፈራችው ወንጀልን ስለሚያስታውሳት ነው። እኛ ዘንድ የተነቀሰችን ሴት ወንጀለኛ ናት ያለ የለም። ንቅሳቷ የሚናገረው ከየት እንደመጣች ነው፤ ባላገር መሆኗን ነው። ልብ ብለን ካየነው «ባላገር» የሚለው ቃል ራሱ አገር ያለው ማለት ነበር። ከተማው ሲበረታ ቃሉ ወደ ስድብነት ወረደ፤ ንቅሳቱም አብሮት ወረደ። አነጋገርን መግራት ይቻላል፤ አለባበስን መለወጥ ይቻላል። ግንባር ላይ ያለውን መስቀል ግን በዱቄት ቅባት ወይም በሻሽ ከመሸፈን በቀር ማድረግ የሚቻለው ነገር አልነበረም።

ከዘመዶቼ አንዷ በጽሕፈት መኪና ሥራ ሠልጥና አንድ መሥሪያ ቤት ተወዳደረች። ፈተናውን አለፈች። ከዚያ ለቃል ጥያቄ የተቀበላት ሰው ፊቷን አየና፣ «ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው፤ ለእንግዳ መቀበያ ግን አይሆንም፤ መዝገብ ቤት ቦታ ከተገኘ እንጠራሻለን» አላት። መዝገብ ቤቱ የሚገኘው በሕንፃው ጀርባ ነው። ሰውየው ሊሰድባት አላሰበም፤ እንዲያውም በትሕትና ነው የተናገራት። ይህ ዓይነቱ አድልዎ አስቸጋሪ የሚሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። ክፋት ሆኖ ስለማይታየው የሚያደርገው ሰው አያፍርበትም። ያችው ንቅሳታም ሴት ለወጥ ቤት፣ ለጽዳት፣ ለልጅ አሳዳጊነት ስትፈለግ ግንባሯን የሚያይ የለም። ወይም ከታየ «ጨዋ የገጠር ልጅ ናት» ተብሎ ለምስጋና ይቆጠርላታል። ምልክቱ ያው ነው፤ የሚለያየው ደመወዙ ነው።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ እህቶቻችን ነገርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሥራውን ለማግኘት ስማቸውን በእስላም ስም ለውጠው የሄዱ ክርስቲያን ሴቶች ብዙ እንደሆኑ የታወቀ ነው። ስም ፓስፖርት ላይ ይለወጣል። ግንባር ግን አይለወጥም።

ለማጥፋት የሞከሩም አሉ። ንቅሳት ለምን እንደማይለቅ እ.ኤ.አ. በ2018 የማርሴይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት አሳይተዋል። ቀለሙን የሚውጡት የሰውነት ዘብ የሆኑ ሕዋሳት ናቸው። የዋጠው ሕዋስ ሲሞት ቀለሙ ይለቀቃል፤ ወዲያው አዲስ ሕዋስ መልሶ ይውጠዋል። እንዲህ እየተቀባበሉ ዕድሜ ልክ ይኖራሉ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ቆዳም ሊጨመርበት ይገባል። የሌዘር ጨረር ቀለሙን ሰባብሮ ሰውነት ጠርጎ እንዲያወጣው ያደርጋል። ነገር ግን ጥቁር ቆዳ የራሱ ቀለም ጨረሩን ስለሚስብ፣ ሥራው በተገቢው መሣሪያና በሠለጠነ እጅ ካልሆነ ንቅሳቱ ሲሄድ ነጭ ለምጽ የመሰለ ምልክት ወይም ጠባሳ ሊተካው ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼኔ ነው።

ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል። በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው መካከል ኖረው በአካባቢው ልማድ ፊታቸውንና አንገታቸውን የተነቀሱ ሴቶች ነበሩ። ከነሱም ውስጥ መስቀል የተነቀሱ ይገኙባቸው ነበር። በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ የአየር ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ እስራኤል ሲገቡ፣ ያ ምልክት አይሁድነታቸውን የሚያጠያይቅ ሆነባቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት የእስራኤል ሐኪሞች የኢትዮጵያ አይሁዳውያንን ንቅሳት በሌዘር ስለማንሣት በአንድ የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ ጥናት አውጥተዋል። ለአዲስ አገር፣ ለአዲስ ሥራና ለአዲስ ጎረቤት ሲባል ሰው ከቆዳው ላይ መንደሩን እስከ ማስነሣት እንደሚደርስ የሕክምና መዝገብ ሳይቀር ይመሰክራል።

ዛሬ ዓለም ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል። የሎንዶን ፖሊስ በ2012 የሚታይ ንቅሳት ያለውን ላለመቅጠር ያወጣውን ደንብ በ2018 አላላው። በ2022 አንድ የታወቀ የእንግሊዝ አየር መንገድ፣ ቨርጂን አትላንቲክ፣ አስተናጋጆቹ ንቅሳታቸውን ሳይሸፍኑ እንዲሠሩ ፈቀደ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እጅና አንገት ላይ የተወሰነ ንቅሳት ያላቸውን መመልመል ጀመረ። በአዲስ አበባም ወጣቶቻችን ክንዳቸውንና አንገታቸውን በፈረንጅ ፊደልና በአበባ ሥዕል ያስነቅሳሉ። ግን ንቅሳት አይሉትም፤ «ታቱ» ይሉታል። ካፒቴን ኩክ በ1769 ከታሂቲ ደሴት ይዞት የተመለሰው ቃል ዓለምን ዞሮ እኛ ዘንድ ደርሷል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አያቲቱ ንቅሳት አላት፣ የልጅ ልጇ ታቱ አላት። ሁለቱም ከቆዳ ሥር የገባ ቀለም ነው። አንዱ ግን ኋላ ቀርነት ይባላል፣ ሌላው ዘመናዊነት። ቃሉን ለሁለት የከፈለው ክብርን ለሁለት የከፈለው እጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

የልጅነት ንቅሳት ይቀጥል ማለቴ አይደለም። ፈቃዷ ያልተጠየቀች ሕፃን ግንባር ላይ የሚደረግ ነገር ነው፤ አንድን መርፌ ለብዙ ሰው መጠቀምም የጉበት በሽታንና ኤች.አይ.ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ክርክሬ ተነቅሰው ስላደጉት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ሲል፣ ልዩነት ከማይደረግባቸው ነገሮች ውስጥ ሃይማኖትንና ማኅበራዊ አመጣጥን ቆጥሯል። የግንባር መስቀል ከሁለቱም ጋር የተያያዘ ነው። የሚታየውን ንቅሳት የሚከለክል የመሥሪያ ቤት ደንብ ቢኖር ታዲያ ሁለት ነገር ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ምልክቱ ሥራውን የሚያጎድለው በምንድን ነው? ተቀጣሪዋስ መርጣው ነው ወይስ ተወልዳበት?

ዛሬ በቅጥር ኮሚቴ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጡት መካከል የንቅሳታም እናቶች ልጆች ጥቂት አይደሉም። እነዚያ እናቶች ቅቤ ሸጠው፣ እንጀራ ጋግረው፣ የሰው ልብስ አጥበው ልጆቻቸውን ያስተማሩት ያንኑ ፊት ይዘው ነው። ጠረጴዛው ፊት ለፊት አንዲት ባለመስቀል ግንባር ስትቀርብ፣ ልጆቻቸው ይህን አስታውሰው ማመልከቻዋን ቢገልጡ ዕዳቸውን በጥቂቱም ቢሆን ይከፍላሉ።