ሜንዲ፤ ከንግድ መርከብነት ወደ ጦር ማመላለሻነት

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ታሪክ ሲጻፍ በብዛት የሚወሳው የጦር መርከቦች ውጊያ ነው። ይሁን እንጂ ሠራዊቱን ከአህጉር ወደ አህጉር ካመላለሱት መርከቦች ብዙዎቹ አስቀድሞ ለንግድ የተሠሩ ነበሩ። ከነዚሁም አንዷ ሜንዲ ናት። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ የመርከቢቱን ታሪክ በቅደም ተከተል መመልከትና የሰጠመችበትን ምክንያት ከሰጠመች በኋላ ከተፈጸመው በደል ለይቶ ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜንዲ በ1905 በግላስጎው ከተማ ተሠራች። ርዝመቷ 370 ጫማ፣ ልኳም 4,230 ቶን ያህል ነበር። ስሟ የተወሰደው በሴራሊዮን ከሚኖረው የሜንዴ ሕዝብ ነው። ኤልደር ደምፕስተር በተባለው ኩባንያ ሥር ሆና ከሊቨርፑል ወደ ምዕራብ አፍሪቃ ወደቦች መንገደኛ፣ ፖስታና ዕቃ ስታመላልስ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየች። በ1916 የእንግሊዝ መንግሥት ለጦር ማመላለሻ ተከራያት፤ ሌጎስ ላይም የዕቃ ማኖሪያ ክፍሎቿ የወታደር ማደሪያ እንዲሆኑ ተደረገ። በመጀመሪያ ያጓጓዘችው ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ጦር ግንባር የሚሄዱትን የናይጄሪያ ወታደሮች ነበር።

በዚያው ዓመት እንግሊዝ ለፈረንሳይ ግንባር የጉልበት ሠራተኛ ስለ ቸገራት የደቡብ አፍሪቃን መንግሥት ጠየቀች። የጠቅላይ ሚኒስትር ቦታ መንግሥትም የጥቁሮች የሠራተኛ ጓድ አቋቋመ። ከጓዱ 21,000 ያህል ሰዎች ፈረንሳይ ደርሰዋል። ጥቁር ሰው በነጮች ጦርነት ጠመንጃ ቢይዝ ወደ አገሩ ሲመለስ አይገዛልንም ተብሎ ስለ ተፈራ መሣሪያ አልተሰጣቸውም፤ የሚኖሩትም በታጠረ ሠፈር፣ በነጭ መኰንኖች ቍጥጥር ሥር ነበር። የ1913 የመሬት ሕግ ጥቁሮችን ከአብዛኛው የአገራቸው መሬት ባለቤትነት ከልክሎ ሳለ፣ የሕዝቡ መሪዎች ምልመላውን የደገፉት ታማኝነታችን ታይቶ መብታችን ይጠበቅልናል በሚል ተስፋ ነበር።

በጥር 1917 ሜንዲ ከ800 በላይ የሚሆኑትን የአምስተኛው ሻለቃ ሰዎች ከኬፕታውን ይዛ ተነሣች። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከፖንዶላንድ ገጠር የመጡ ነበሩ። በሌጎስና በፕሊመዝ በኩል አልፋ፣ ብሪስክ በተባለች የጦር መርከብ ታጅባ ወደ ለሃቭር ስታመራ፣ የካቲት (ፌብሩዋሪ) 21 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ከዋይት ደሴት በስተደቡብ ጉም ውስጥ ገባች። በዚህ ጊዜ ዳሮ የተባለች ከ11,000 ቶን በላይ የሆነች መርከብ በሙሉ ፍጥነት መጥታ ቀኝ ጎኗን ቀደደቻት። ሜንዲ በ25 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች። በታችኞቹ ክፍሎች ከተኙት ብዙዎቹ ወደ ላይ ለመውጣት ጊዜ አላገኙም፤ የወጡትንም የክረምቱ ባሕር ብርድ ፈጃቸው። የብሪስክ ጀልባዎች የቻሉትን ሲያነሡ ዳሮ አንድም ሰው ለማዳን አልሞከረችም። 616 ደቡብ አፍሪቃውያን ሞቱ፤ ከነዚህ 607ቱ ጥቁሮች ናቸው። ከመርከበኞቹም 30 ሞቱ።

በዚያው ዓመት የተሰየመው መርማሪ ሸንጎ ጥፋቱን በዳሮ ካፒቴን ላይ አደረገ። በጉም ውስጥ በፍጥነት መሄዱ፣ የጉም ምልክት አለማሰማቱና የሰጠሙትን አለመርዳቱ ተረጋግጦ የመርከብ መምሪያ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ታገደ። ለ646 ነፍስ የተሰጠው ቅጣት ይኸው ነበር።

ሸንጎው የመረመረው ፍጥነትንና ምልክትን ነው፤ ሟቾቹን ያስታወሰው ግን ሕዝቡ ነው። ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈው ትውፊት እንደሚለው፣ ቄስ አይዛክ ዋውቾፕ ዲዮባ መርከቢቱ ስትሰጥም ሰዎቹን ሰብስቦ ልዩ ልዩ ነገድ ቢሆኑም እንደ ወንድማማቾች በአንድነት እንዲሞቱ አበረታቷቸዋል። ይህ ትውፊት የዓይን ምስክር ቃል ባይሆንም፣ ሕዝቡ ሟቾቹን እንዴት ሊያስባቸው እንደ ወደደ ስለሚያሳይ ለታሪክ ጸሐፊ ዋጋ አለው።

መጋቢት (ማርች) 9 ቀን 1917 የኬፕታውን ፓርላማ አባላት ለሟቾቹ ክብር ተነሥተው ቆሙ። ከጦርነቱ በኋላ ግን በጓዱ ውስጥ ያገለገሉ የባሱቶላንድ፣ የቤቹዋናላንድና የስዋዚላንድ ሰዎች የእንግሊዝን የጦርነት ሜዳይ ሲያገኙ፣ የደቡብ አፍሪቃ መንግሥት ለራሱ ጥቁር ዜጎች እንዳይሰጥ ከለከለ። አንባቢ እንደሚያስተውለው ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ናቸው። መርከቢቱን ያሰጠመው የአንድ ካፒቴን ቸልተኝነት ነው፤ ሜዳዩን የከለከለው ግን ታስቦበት የተደረገ የመንግሥት ውሳኔ ነው።

የሰጠመችው መርከብ ማንነት በ1974 ታወቀ። የአፓርታይድ አገዛዝ ካበቃ በኋላ በ1995 በሶዌቶ ሐውልት ተመረቀ፤ በ2003 የደቡብ አፍሪቃ መንግሥት በመርከቢቱ ስም የጀግንነት ኒሻን አቋቋመ፤ ደወሏም በ2018 ከእንግሊዝ ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተመለሰ። በ1917 ፓርላማው ለሟቾቹ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ነበር፤ ለመሣሪያ አልባው ሠራተኛ አገልግሎት የሚገባው ክብር በመንግሥት እስኪታወቅ ድረስ ግን ከሰባ ዓመት በላይ አልፏል።