የአዲስ አበባ ቻርተር፦ ነዋሪው ያልተጠየቀበት ሕግ

በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአዲስ አበባን ቻርተር አሻሻለ። ማሻሻያው የነካው ጥቂት አንቀጾችን ብቻ ነበር፤ ውጤቱ ግን ቀላል አልነበረም። የሥራ ዘመኑ ያበቃው የከተማዋ ምክር ቤት ምርጫ ሳይካሄድ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ የምክር ቤቱ አባል ያልሆነ ሰው ከተማዋን መምራት የሚችልበትንም መንገድ ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ኢንጂነር ታከለ ኡማ ምክትል ከንቲባ ሆነው ተሾሙና የከንቲባውን ሥራ ያዙ። አንዱ ወገን አገር በለውጥ ላይ እያለች ዋና ከተማዋ ያለ መሪ ልትቀመጥ አይገባም አለ። ሌላው ደግሞ ነዋሪው ያልመረጠው ሰው በምን ሥልጣን ያስተዳድረዋል ሲል ጠየቀ።

ክርክሩ በተሿሚው ዙሪያ ስለጠበበ ከሥሩ ያለው ጥያቄ ተድበስብሶ አለፈ። የአዲስ አበባን ቻርተር የሚጽፈው ማን ነው? የሚያሻሽለውስ ማንን ጠይቆ ነው? ይህን ለመመለስ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ከንጉሠ ነገሥቱ የተሰጠ ቻርተር

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የከተሞች አስተዳደር ራሱን የቻለ ሕግ ያገኘው በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ነው። አዲስ አበባ የራሷን ቻርተር ያገኘችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ቻርተሩ ከዳግማዊ ምኒልክና ከእቴጌ ጣይቱ ዘመን ጀምሮ በሰፈር በሰፈር ላደገችው ከተማ ትልቅ እርምጃ ነበር። በነዋሪው የሚመረጡ አባላት ያሉበት ምክር ቤት ተቋቋመላት፤ ከተመራጮቹ ጎን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን የሚወክሉ ሰዎች ተቀመጡ፤ ከንቲባውን ግን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።

መራጩም ሁሉም ነዋሪ አልነበረም። በምርጫው የሚሳተፈው ቋሚ ንብረት ያለው ሰው ነበር። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሕዝብ በሰው መሬት ላይ፣ በሰው ቤት በኪራይ የሚኖር ስለነበር ከተማዋን በጉልበቱ ያቆማት ሠራተኛ ከምርጫው ውጭ ቀረ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ባለ ሰዓት ማማው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሲቆም፣ አዲስ አበባ የዘመናዊ ከተማ መልክ ያዘች። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውኃውና ስለ ግብሩ የሚወሰነው ግን ባለ ርስቱ በመረጠውና ቤተ መንግሥቱ በሾመው ሰው ነበር።

ቀበሌ ሲመጣ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ መንግሥት ኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሄዱ። የትናንቱ ጭሰኛና ተከራይ በአንድ ጀምበር የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር አባል ሆነ። የመምረጥ መብትን ከርስት ጋር ያሰረው ሥርዓት ፈረሰ።

ቀበሌው ግን ብዙ ሳይቆይ ነዋሪው ለመንግሥት የሚናገርበት ቦታ መሆኑ ቀርቶ መንግሥት ነዋሪውን የሚይዝበት እጅ ሆነ። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ ነበር። ስኳርና ዘይት በኅብረት ሱቅ የሚታደለው በቀበሌ ነበር። የሚያፈሰውን ጣሪያ ቆርቆሮ ለመቀየር የፈለገ የቀበሌ ቤት ተከራይ ማመልከቻ ይዞ ከቢሮው ደጃፍ ይሰለፍ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ከተባለ በማግስቱ ይመለስ ነበር። አብዛኛው አዲስ አበቤ «አስተዳደር» የሚባለውን ነገር ያወቀው በዚያ ወረፋ ነው። ስለ ከተማዋ ዕጣ የሚወሰነው ግን ከቀበሌው በላይ፣ ነዋሪው በማይደርስበት ቦታ ነበር።

የአንቀጽ 49 ዘመን

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አዲስ አበባ በሽግግሩ መንግሥት ክልል 14 ተብላ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 49 ለየት ያለ ቦታ ሰጣት። የከተማዋ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላቸው ይላል፤ ዝርዝሩ በሕግ እንደሚወሰንም ያክላል። የከተማዋ አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። ኦሮሚያም ከከተማዋ ጋር ባላት ትስስር ልዩ ጥቅሟ እንዲጠበቅ በዚሁ አንቀጽ ተደንግጓል።

ያ «ሕግ» የመጣው ከላይ ነው። በ1989 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 87 ወጣ። በ1995 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ቻርተሩ ሁለት ጊዜ ተጻፈ፤ መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 311፣ ቀጥሎ በአዋጅ ቁጥር 361። ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ ምክር ቤቱ፣ ከንቲባው፣ ካቢኔው፣ የከተማዋ ፍርድ ቤቶችና ዋና ኦዲተሩ ሥልጣናቸው ተዘረዘረ። እነዚህን ሁሉ ያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በዚያ ምክር ቤት ከነበሩት 547 መቀመጫዎች የአዲስ አበባ ድርሻ 23 ብቻ ነበር። ወጪዋን በአብዛኛው ከራሷ ገቢ የምትሸፍነው ከተማ የምትተዳደርበት ሕግ ሲጸድቅ ድምጿ ከሃያ እጅ አንዱን እንኳ አልሞላም።

የዚህ ችግር ሙሉ መልክ የታየው በ1997 ዓ.ም. ነው። በግንቦት 7ቱ ምርጫ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የሆነው ቅንጅት ከከተማዋ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። በውጤቱ ላይ የተነሳው ውዝግብ ከረረ፤ ምክር ቤቱ ሥራ ሳይጀምር ቀረ፤ ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ቢሮውን ሳይረከቡ ታሰሩ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ፌዴራሉ መንግሥት በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ የባላደራ አስተዳደር ሰየመ። ነዋሪው በነቂስ ወጥቶ የመረጠበት ዓመት፣ በመረጠው ሰው ያልተዳደረበት ዓመት ሆነ።

የሁለት ወገን ቅሬታ

የከተማዋ ሕግ ሲነሳ የሌላውን ወገን ቅሬታ መዝለል ተገቢ አይደለም። ከተማዋ ስትሰፋ መሬታቸውን የለቀቁት የዙሪያው የኦሮሞ አርሶ አደሮች ናቸው። አንቀጽ 49 ልዩ ጥቅም ብሎ የጻፈው ቃል ለረጅም ዓመታት ዝርዝር ሕግ ሳይወጣለት ቆየ። በሰኔ 2009 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቅ አዋጅ አዘጋጅቶ ለፓርላማ ላከ፤ አፋን ኦሮሞ የከተማዋ የሥራ ቋንቋ እንዲሆንና ፊንፊኔ የሚለው ስም በሕግ እንዲታወቅ የሚል ነበረበት። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። በ2011 ዓ.ም. በከተማዋ ወሰን አካባቢ ባሉት የኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ዕጣ የተነሳ ቁጣው ከኦሮሚያ በኩል ገነፈለ። በከተማዋ ደግሞ በዚያው ዓመት መጋቢት ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ የባላደራ ምክር ቤት የሚል ንቅናቄ መሠረተ።

ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ቆመው ይወቃቀሱ እንጂ ቅሬታቸው ከአንድ ቦታ ይገናኛል። የአዲስ አበባ ነዋሪም የዙሪያው አርሶ አደርም ስለሚኖሩበት መሬት የሚወስነው ሕግ ሲረቀቅ ጠረጴዛው ላይ አልነበሩም። ሁለቱም የሰሙት ከጸደቀ በኋላ፣ ወይም ሳይጸድቅ ከመንገድ ከቀረ በኋላ ነው። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። እዚህም አጥሩ ደጋግሞ የተነቀነቀው ባለቤቱ ሳይጠየቅ ነው።

ዋሽንግተን ያደረገችው

ዋና ከተማ ናትና ሕጓ ከፌዴራል መንግሥት መምጣቱ ግድ ነው የሚል መከራከሪያ አለ። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ዋሽንግተን ዲሲን ማየት ይጠቅማል። እሷም የፌዴራል ዋና ከተማ ናት፤ ኮንግረሱ እስከ ዛሬ የከተማዋን ሕግ የመሻር ሥልጣን አለው። ሆኖም ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1973 የራስ አስተዳደር ሕግ ሲያወጣ ቻርተሩ በነዋሪው ድምፅ ካልጸደቀ አይሠራም ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1974 ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው፤ በቀጣዩ ዓመት መግቢያ ላይ ዋልተር ዋሽንግተን ከመቶ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የተመረጠ ከንቲባ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ፌዴራሉ ሥልጣኑን ሳይለቅ ነዋሪው ተጠየቀ።

ቀጣዩ ማሻሻያ

አዲስ አበባ ዛሬ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት፤ በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ የተመሠረተ ምክር ቤት ከንቲባዋን መርጧል። ቻርተሩ ግን ነገም መሻሻሉ አይቀርም፤ ከተማዋ በየዓመቱ ትለወጣለችና። ያ ቀን ሲመጣ ረቂቁ መጀመሪያ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በጋዜጣ ይታተም። በየወረዳው አዳራሽ፣ የከተማዋ ጎረቤት በሆኑት የኦሮሚያ ከተሞችና ቀበሌዎችም ውይይት ይደረግበት፤ ሕዝቡ የተናገረው ተጽፎ ረቂቁን ለሚያጸድቁት እንደራሴዎች ይድረስ። በመጨረሻም ነዋሪው ድምፅ ይስጥበት።

ሕገ መንግሥቱ ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ለነዋሪው ሰጥቷል። ከተማዋ የምትመራበትን ሕግ ሳይጠየቅ የሚቀበል ሕዝብ ያንን ሥልጣን ይዟል ሊባል አይችልም። ይህንን ለማረም ሕገ መንግሥቱን መቀየር አያስፈልግም፤ ቀጣዩን ረቂቅ የሚያዘጋጁት ሰዎች ነዋሪውን ለመጠየቅ ከወሰኑ ይበቃል።